የእቁቡ ሦስተኛ ፊልድ

እናቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን እቁብ ጸሐፊ ናት። ደብተሩ ተገነጣጥሎ ሲያስቸግራት «ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ከምትውል ይቺን አትሠራልኝም?» አለችኝ። ሀስኬል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ስለነበር በሱ ጀመርኩት። (ኤክሴል ይበቃ ነበር፤ አውቃለሁ።)

የእቁቡ ዳታ ታይፕ (የመረጃው ቅርጽ) ሦስት ፊልድ፣ ማለትም ሦስት ክፍል ነበረው፦ አባላቱ፣ የሳምንቱ መዋጮ፣ እና የወጣውን ቁጥርና የአባላቱን ዝርዝር ተቀብሎ ባለ ዕጣውን የሚመልስ ፈንክሽን። ከሥሩ «ዲራይቪንግ ሾው፣ ኢኪው» ብዬ (ሾው ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ ኢኪው እኩልነትን ማወዳደር ነው፤ ዲራይቪንግ ኮምፓይለሩ ራሱ ይጻፋቸው ማለት ነው) ኮምፓይል ሳደርግ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው የሀስኬል ኮምፓይለር ጂኤችሲ ቀይ በቀይ ሆነ፦ ለዚህ የፈንክሽን ታይፕ የሾው ኢንስታንስ (ሾው ለአንድ ታይፕ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር ኮድ) የለም፤ የመጣው ከሦስተኛው ፊልድ ነው፤ ስታንድአሎን ዲራይቪንግ (ከታይፑ ውጭ ለብቻው የሚጻፍ ዲራይቪንግ) ሞክር።

እኔ ያነበብኩት «ሞክር» የምትለዋን ብቻ ነው። ሞከርኩ፤ ያው ስህተት ተመልሶ መጣ። ወዲያው መብራት ሄደ።

በማግስቱ አቋራጭ አገኘሁ። ከሀስኬል ጋር አብሮ ከሚመጣው ቤዝ ላይብረሪ ውስጥ ቴክስት ሾው ፈንክሽንስ የሚባል ሞጁል አለ፤ የትኛውንም ፈንክሽን «ፈንክሽን» ብሎ ብቻ ያትመዋል። እሱን አስገባሁ፣ ኢኪውን አነሳሁ፣ ኮዱ አለፈ። ሁለት ቀን ቆይቼ ባለ ዕጣውን ላትም ስል በሰው ስም ፋንታ «ፈንክሽን» የሚል ወጣ! የአባላቱን ዝርዝር መስጠት ረስቼ ኖሯል። ሞጁሉ ባይኖር ኮምፓይለሩ «ምናልባት አርጉመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) ጎድሎ ይሆናል» ብሎ ያስቆመኝ ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ይባስ ብሎ ኢንስታንስ እዚህ ግባ እዚያ ቅር አይባልም፤ ያንን ፋይል ለሚጠራ ሞጁል ሁሉ አብሮ ይደርሳል።

ያኔ ነው ስህተቱን ከላይ ጀምሬ ያነበብኩት። ዲራይቪንግ ምትሃት የለውም፤ በየፊልዱ እየዞረ «አንተስ ሾው አለህ?» ይላል፤ አንዱ የለኝም ካለ ሁሉም ይቀራል። ፈንክሽን ደግሞ ምኑ ይታያል? ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለትም ለእያንዳንዱ ግብዓት መፈተሽ ሊኖርብህ ነው።

«እማ፣ ባለ ዕጣው የሚለየው በስንት መንገድ ነው?»

«በዕጣ ነዋ። ሐዘን ወይ ሰርግ ያለበት ካለ ዳኛው ያስቀድመዋል። ሌላ ምን አለ?»

ሁለት ብቻ! ፈንክሽኑን ከፊልዱ አወጣሁና «በዕጣ» እና «በቅድሚያ» የሚሉ ሁለት ኮንስትራክተሮች (አማራጮች) ያሉት ታይፕ ተካሁበት፤ ሁለተኛው የአባሉን ስም ይይዛል። መምረጡን ለብቻው ለቆመ ፈንክሽን ሰጠሁት። ሾውም ኢኪውም ትንፍሽ ሳይሉ አለፉ። ጽሑፍን መልሶ ወደ ዳታ የሚለውጠውን ሪድን ስጨምርማ እቁቡን ፋይል ላይ አስቀምጬ መልሼ ማንበብ ቻልኩ።

እናቴ ደብተሩን እስካሁን አልጣለችውም። መብራት ይሄዳላ።