የዛፍ ስም ነው ወይስ የአውሬ?

እሁድ። እሷ ከሄደች ወዲህ እሁድ እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቃላችሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨለመ። ስልኬን አጥፍቼ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ እምቢ አለ። ሰዓቱን ለመግፋት ያህል የሮማው የጦር መሪ ቄሳር ስለ ጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ) ጦርነት የጻፈውን አነሳሁ። ኤቡሮኖች ላይ ስደርስ እዚያው ቀረሁ።

ኤቡሮኖች በራይንና በሜውዝ ወንዞች መካከል የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ቄሳር ከጀርመኖች ይቆጥራቸዋል። የመሪዎቻቸው ስም ግን አምቢዮሪክስና ካቱቮልኩስ ነው፤ ሁለቱም የኬልት፣ ማለትም የጋሊያ ጥንታዊ ሕዝቦች፣ ስም። የነገዱ ስም ራሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዱ ወገን ከኬልትኛ አምጥቶ ዛፍ ነው ይላል፤ እዚህ አገር በጀርመንኛ አይበ የሚሉት፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆነው መርዛም ዛፍ። ሌላው ከጥንታዊ ጀርመንኛ ወስዶ የዱር አሳማ ነው ይላል።

እኔ ለዛፉ አደላለሁ። መሪዎቹ የኬልት ስም ይዘው ሕዝቡ ብቻ ለምን በሌላ ቋንቋ ይጠራል? ግን ደግሞ ዳዊት የተባለ ሁሉ ዕብራይስጥ ይናገራል እንዴ? እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚታሰረው።

የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እ.ኤ.አ. በ98 ገደማ ሲጽፍ፣ «ጀርመን» መጀመሪያ የአንድ ነገድ ስም ነበር፣ በኋላ ነው ለሁሉም የሆነው ይላል። ያ ነገድ በእሱ ዘመን ቱንግሪ ይባል ነበር። የቱንግሪ አገር ደግሞ የቀድሞው የኤቡሮኖች ምድር ነው። እንግዲህ «ጀርመን» የሚለውን ስም መጀመሪያ የተሸከሙት ሰዎች ምናልባት ኬልትኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ይህ ያስደንቀኛል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ኤቡሮኖች አምፀው አንድ ሙሉ ሌጊዮን (የሮማ ክፍለ ጦር) እና አምስት ተጨማሪ የሻለቃ ጦሮች ደመሰሱ። በዓመቱ ቄሳር ተመለሰባቸው። ዘራቸውም ስማቸውም እንዲጠፋ እንደፈለገ ራሱ ጽፏል። ስማቸውም! ያነበብኩትን ደግሜ አነበብኩት። ለእኛ ያቆየልን ግን የእሱው መጽሐፍ ነው።

አምቢዮሪክስ አመለጠ። ካቱቮልኩስ አርጅቶ ነበር፤ መዋጋትም መሸሽም አልቻለም። አምቢዮሪክስን ረግሞ፣ በዚያው በአይበ ዛፍ መርዝ ራሱን ገደለ። ቄሳር ዛፉ በጋሊያና በጀርመን ሞልቷል ብሎ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አቃተኝ። ሽማግሌው በቅርቡ ያገኘውን ወሰደ? ወይስ የሕዝቡ ስም መሆኑን እያወቀ፣ ያንኑ መረጠ?