ሞተሩ አሪፍ፣ ሊብሬው ሌላ

ጅማ ውስጥ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሊብሬውን ክፈቱ። እኔን ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የነገረኝ ስለ ጭስ ነው።

የጭሱን ነገር ቶሎ ብዬ ልለፈው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ኮፈኑን ስትነኩት ከሞቀ፣ ሻጩ ቀድሟችኋልና ሌላ ቀን ተመለሱ። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ ናፍጣ የሚረጨው የኖዝል ወይም የአየር ማጣሪያ ችግር ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ነጩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ የቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል ጣጣ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፤ እንደ ጀበና የሚተነፍስ ከሆነ ደህና ሰንብቱ ብላችሁ ውጡ። ከዚያ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት አስወጧት፤ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን የሚንሸራተት ከሆነ እዚያ ይታወቃል። ከስር ገብታችሁ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን የተሸከመው ብረት፣ የተበየደ እንደሆነ እዩ፣ በቡና ወቅት እዚህ አገር ፒክአፕ ላይ የማይጫን ነገር የለም። ኪሎሜትሩን እርሱት። ቦሎ አላት ማለት ደግሞ ቦሎ አላት ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም አትስጡት።

እኔ ያየኋት ሀይሉክስ ይህን ሁሉ አለፈች። ሻጩ የቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሀጂ እንላቸዋለን። መካኒኬ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ።

"ይሄ ሞተር የራሷ አይደለም።"

መኪናዋ ስትመጣ 2ኬዲ የሚባል ሞተር ነበራት፣ ቱርቦና ኮምፒውተር ያለው። አሁን የተቀመጠው 5ኤል ነው፤ ወደ 3 ሺህ ሲሲ የሚጠጋ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ተራ ፓምፕ ያለው። ሀጂ አልደበቁም። "ኖዝሉ ተበላሸ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። ሊሙ ገጠር ውስጥ ኮምፒውተር ማን ያነብልኛል?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ለገጠር መንገድ እኔም 5ኤልን እመርጣለሁ። ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ግን የትም ይጠገናል።

ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክረን ብሎኩ ላይ የደረቀውን ጭቃና ዘይት ፈቀፈቅን። በስልክ መብራት መጀመሪያ 5፣ ከዚያ ኤል፣ ከዚያ የሞተር ቁጥሩ ወጣ። ሊብሬው ላይ ያለው 2ኬዲ ነው።

ደላላው "ችግር የለውም፣ ቀብድ ጣልና ስም ሲዛወር ይስተካከላል" አለኝ። ስም ወደሚዛወርበት ቢሮ ሄድኩ። አንዱ መስኮት "መጀመሪያ ውል ተዋዋሉና ኑ" አለኝ። ጎኑ ያለው መስኮት "የሞተር ቁጥሩ ሳይገጥም ምን ውል አለ?" አለኝ። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ክንድ አይሞላም፣ ግን አይነጋገሩም! ከዚያ የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ሞተሩ አገር ሲገባ የተሰጠውን ወረቀት፣ አምጡ ተባለ። እሱን ስንጠይቅ የፖሊስ ማጣሪያ ተጨመረ። ቀጥሎ ፋይሉ ያለው ሌላ ዞን ነው ተባለ። ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቀጥሎ ሲስተም የለም። እስካሁን የሚያበግነኝ የሚጠየቀው ነገር መብዛቱ አይደለም፣ አንድ በአንድ መውጣቱ ነው። "ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፉልኝ" ብል ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ቀብድ ግን አልጣልኩም። በዚህ እኮራለሁ። ሀጂ ቅር ብሏቸው "አላመንከኝም እንዴ?" አሉኝ።

"እርስዎንስ አምናለሁ ሀጂ። ያላመንኩት መስኮቱን ነው።"

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ሮጡ፤ ሞተሩን ከገዙበት ሱቅ ዲክላራሲዮኑን አስፈልገው፣ ለውጡን በራሳቸው ስም ሊብሬው ላይ አስመዘገቡ። ውሉና ስም ማዛወሩ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ሥራ አለቀ።

ስለዚህ ቢሮው ራሱ "ተዋዋሉና ይስተካከላል" ቢላችሁ አትስሙ። የሻጩ ጣጣ በሻጩ ስም ይለቅ። ብሩን ከቆጠረ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ሻጭ ብርቅ ነው፣ ሁሉም እንደ ሀጂ አይደለም። ፋይሉ ሲወጣ የባንክ እዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ጠይቁ። በተለይ ደብል ጋቢና ከሆነች ከቀረጥ ነፃ የገባች እንዳትሆን አጣሩ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፣ ቀረጡ ደግሞ ቀላል ብር አይደለም። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም በዓይናችሁ አንብቡ፣ ደላላ ያነበበላችሁን አትቀበሉ።

ደላላው መጨረሻ ላይ ከኮሚሽኑ ሌላ "ለልፋቴ" ብሎ ጠየቀኝ። ኮሚሽኑን ከፈልኩት። ለልፋቱ መስኮት ሄዶ እንዲጠይቅ ነገርኩት።