ስምንት ስላቸው ስድስት የሰሙት እማማ

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስሰራ ነው፣ ኮሮናው ረገብ ብሎ እኛ ግን ማስክ አላወለቅንም። መብራት ጠፍቶ በራችን ላይ ጀነሬተር ይጮሃል፣ ባጃጁም በክላክስ ያደነቁራል፣ አንዲት እናት የአሞክሲሲሊን ማዘዣ ይዘው መጡ። 21 ፍሬ ቆጥሬ "እማማ፣ በየስምንት ሰዓቱ አንድ አንድ ይውሰዱ፣ ለሰባት ቀን" አልኳቸው። እሺ ልጄ ብለው ሄዱ።

በስድስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ አጉድለህ ነው እንዴ የሰጠኸኝ? አለቀ እኮ!"

"በየስንት ሰዓቱ ነው የወሰዱት?"

"በየስድስት ሰዓቱ ነዋ፣ አንተው አይደለህ ያልከኝ!"

ደነገጥኩ። ፓኬቱ ላይ ጽፌዋለሁ ግን ዓይናቸው ጽሑፍ አያነብም። ኧረ ስምንት ነው ያልኩት ብላቸው "አዎ፣ ስድስት" ይላሉ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት፣ ያው ነው። ከዛ ራቅ ብዬ ማስኩን ዝቅ አደረኩና በቀድሞው ድምፄ ስናገር "ውይ፣ ስምንት ነው እንዴ!" አሉ። ጀነሬተሩ አልጠፋም እኮ፣ ከንፈሬን ስላዩ ብቻ ነው። ተመስገን ምንም አልሆኑም፣ መድኃኒቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ግን እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለቱም ቃል በስ ጀምሮ በት ያልቃል፣ መሃሉን ጫጫታ ይበላዋል። ግን ስምንት ስትሉ ም ላይ ከንፈር ግጥም ይላል፣ ስድስት ላይ ፈጽሞ አይገጥምም፣ መስታወት ፊት ሞክሩት። ይሄ ደግሞ ጆሮው የደከመ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. ማክገርክና ማክዶናልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች "ባ" የሚል ድምፅ "ጋ" በሚል አፍ ቪዲዮ ላይ ገጥመው ሲያሳዩ ብዙ ሰው የሰማው "ዳ" ነው፣ ዓይኑን ሲጨፍን ባው ይመለሳል። ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው ነው እንግዲህ!

ከንፈርም ብቻውን አይበቃም፣ ባ፣ ማ እና ፓ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ አምስትም ላይ እንደ ስምንት ከንፈር ይገጥማል። ስለዚህ አሁን ፊቴን አሳያለሁ፣ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ከዛ "እስቲ ይድገሙልኝ" እላለሁ፣ ሲደግሙም እኔው ራሴ አፋቸውን ነው የማየው።