ካርድ ያላወጣሁለት ዕቃ

በንብረት ክፍል ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። ጎማ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ሲሚንቶ መሬት ነክቶ እንዳይጋገር፣ ቀለምና ቲነር ከኤሌክትሪክ መስመር እንዲርቁ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሰኔ 28 ቀን የደረሰብኝ ነገር እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ለዚህ ነው። በእጄ ካለው ንብረት ሁሉ በየቀኑ የምነካውን አንዱን ዕቃ፣ የላፕቶፔን ባትሪ፣ ሳልጠብቀው ቀርቻለሁ።

መጋዘናችን በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቢሮዬ ከመጋዘኑ አንድ ጥግ በችፑድ ተከፍሎ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አጠገብ ያለን ሰው ለማናገር መጮኽ ግድ ነው። መብራት በክረምት ይበልጥ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ለአሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ። ጄኔሬተር የለንም።

ላፕቶፑ ከተሰጠኝ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጠዋት ስገባ ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ፣ ማታ ስወጣ ክዳኑን ዘግቼ እዚያው እተወዋለሁ። ከሶኬቱ የሚነቀለው ኃይሉ በራሱ ሲቋረጥ ብቻ ነበር። እንዲህ ማድረጌ ለባትሪው ማሰብ ይመስለኝ ነበር፤ ካልተጠቀምኩበት አያረጅም ብዬ። ሥራ ላይ እያለሁ ስክሪኑ እየጠፋ ስላስቸገረኝም ፈጽሞ እንዳይጠፋ፣ ብርሃኑም እስከ መጨረሻው እንዲደምቅ አስደርጌው ነበር። ፋይሉ ትልቅ ሆኖ በየ10 ደቂቃው በራሱ ሲያስቀምጥ ስለሚንቀራፈፍ ያንንም አስጠፍቼዋለሁ። እነዚህን ሁሉ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የምከስሰው ሰው የለም።

የዚያ ዓመት የንብረት ቆጠራ ሦስት ቀን ነበር የተሰጠው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና ሪፖርቱ 29 ጠዋት ዋናው መሥሪያ ቤት መድረስ ነበረበት። አራት ሆነን ነው የምንቆጥረው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንድ የፋይናንስ ባልደረባ፣ አንዲት የግዥ ሠራተኛና እኔ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በደንቡ መሠረት በቆጠራ ቅጽ ላይ እየጻፍን፣ እየተፈራረምን ሠራን፤ ወደ ኮምፒውተር የማስገባው ማታ ማታ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቀረን የመኪና መለዋወጫ ነው፤ ከ400 በላይ ዓይነት ያለበት፣ አብዛኛው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ቁጥሩ በደቃቅ ጽሕፈት የታተመ። ጊዜ ለማትረፍ ቅጹን ትተን፣ የግዥዋ ልጅ መደርደሪያው ላይ ቆማ ስትጠራ እኔ በቀጥታ ኤክሴል ላይ እንድጽፍ ተስማማን። ሰብሳቢያችን ማታውኑ ይዘውት እንዲሄዱም ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጌ ከዚያው እሠራበት ጀመር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ዞረ፤ ጥቂት እንደ ሠራን ማዕዘኑ ላይ 43 በመቶ፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይላል። የቀረን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። «በርቱ፣ ይበቃናል» አልኳቸው፤ ቃሌ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከ11 ደቂቃ በኋላ፣ አስቀምጥ የሚለውን ቁልፍ በተጫንኩበት ቅጽበት፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፣ ቀይ ምልክት አላሳየም። ከመጥፋቱ በፊት መጨረሻ ያየሁት ቁጥር 31 በመቶ ነው።

መብራት የተመለሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል አልከፈት አለ። እየተጻፈበት ሳለ ነው የተቋረጠው። የሁለቱ ቀናት ሥራ በወረቀት ነበረና ተረፈ፤ እንደገና ለማስገባት ሌሊቱን አጋመስን። የመለዋወጫው ቆጠራ ግን የትም አልተጻፈም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አራታችንም ተመልሰን በእጅ ባትሪ እያበራን ሀ ብለን ቆጠርን። የፋይናንሱ ባልደረባችን ቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሱሉልታ ነው። ሰርቪሱ አምልጦት በዚያ ዝናብ ታክሲ እየቀያየረ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤቱ መድረሱን የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሪፖርቱ በአንድ ቀን ዘገየ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ከልጄ የማይበልጥ ወጣት ነው። አልቸኮለም፤ ለእሱ ያለኝ አክብሮት የጀመረው ከዚያ ነው። በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት ላይ ፓወር ሲኤፍጂ ባትሪ ሪፖርት (powercfg /batteryreport) የሚባለውን ትእዛዝ ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ የባትሪውን ታሪክ በገጽ አወጣ። ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ይኼን ያንብቡልኝ» አለኝ።

ባትሪው ሲሠራ 48 ዋት ሰዓት ኃይል እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። አሁን ሙሉ ሲባል የሚይዘው 17 ነው። ከታች ደግሞ ስንት ጊዜ ሙሉ ዙር ቻርጅ እንደተደረገ ይናገራል፤ 61።

«61 ጥቂት ነው ወይስ ብዙ?» አልኩት።

«በጣም ጥቂት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ዙር ተሠርቶበት እንኳ ከአቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ሊይዝ ይችላል። የእርስዎ በሥራ አላረጀም፤ ተቀምጦ ነው ያረጀው።»

ይህን ሲለኝ እንደ ንብረት ሠራተኛ ነው የሰማሁት። ተቀምጦ የሚበላሽ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እንደ ላፕቶፔ ያለ የሊቲየም አዮን ባትሪ ሁለት ነገር አብረው ሲመጡበት ይጎዳል፤ ሙቀትና ሙሉነት። 100 በመቶ ሲሞላ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ትንሽ ባትሪ (ሴል) 4.2 ቮልት ገደማ ላይ ተወጥሮ ይቆማል። በዚያ ውጥረት ውስጥ ኬሚካሎቹ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ ኃይል የሚሸከመው ሊቲየም ጥቂት በጥቂት ይታሰራል፣ ተመልሶም አይፈታም። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ሙሉ ሆኖ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። የእኔ ደግሞ ሦስት በጋ ነው በዚያ ቆርቆሮ ሥር ሙሉ ሆኖ ያሳለፈው።

ያልገባኝ 31 በመቶ እያለ ለምን እንደጠፋ ነበር። ልጁ ጥቂት አሰበና «የእርስዎ ካርድ ከመደርደሪያው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ምን ይሉታል?» አለኝ። በእኛ ሥራ እያንዳንዱ ዕቃ የገባው፣ የወጣውና የቀረው የሚጻፍበት ቢን ካርድ አለው፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ማዕዘኑ ላይ የሚታየው ፐርሰንት የባትሪው ራሱ አይደለም፤ የባትሪው ካርድ ነው። ውስጡ ያለ መቁጠሪያ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ እያለ ይመዘግባል፣ ቀሪውን ይገምታል። ባትሪው ሦስት ዓመት ሙሉ ከሶኬት ሳይነቀል ሲቀር መቁጠሪያው ግምቱን የሚያርምበት አጋጣሚ አያገኝም። ካርዱ 31 ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ በድንገት ይወርዳል፤ የመከላከያው ሰርኪዩት ያቋርጠዋል። ኮምፒውተሩ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሥራውን አስቀምጦ እንዲዘጋ የተሰጠው ትእዛዝ ነበር፤ ትእዛዙ ግን የሚጠብቀው 5 በመቶን ነው። በካርዱ ላይ 5 መቼም አልደረሰም።

መፍትሔውም ያው እኛ በየዓመቱ የምናደርገው ነው፤ ቆጠራ። በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ባትሪውን ወደ 10 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ሠርቶበት፣ ከዚያ ሳያቋርጡ እስከ 100 መሙላት። ይህ ባትሪውን አያድስም፤ ካርዱን ከመደርደሪያው ጋር ያስታርቃል እንጂ። ዘወትር ባዶ እስኪሆን ማሠራት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። የመጀመሪያ የእጅ ስልኬን የገዛሁ ጊዜ «ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርጊው፣ ሳያልቅም አትሰኪው» ተብዬ ነበር፤ እንደ ሃይማኖት ሥርዓት ጠብቄዋለሁ። ያ ምክር የድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ነው። ሊቲየም አዮን እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ ጊዜው አልፎበታል፤ ሊቲየም የሚወደው መሐሉን፣ ከ20 እስከ 80 ያለውን ነው። ለዚህ ባትሪ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው 97 ዓመታቸው እንደነበር በኋላ አነበብኩ። ጡረታዬ እየቀረበ ነውና ነገሩ ልቤን ነካው።

ልጁ ላፕቶፑን ሲፈታ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ባትሪው አብጦ ነበር። የመዳሰሻው ሰሌዳ ለወራት አልጫን እያለ ሲያስቸግረኝ አቧራ ገብቶበት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ከሥር የሚገፋው እሱ ኖሯል። ያበጠ ባትሪ ውስጡ ጋዝ አለ፤ ቢወጋ ወይም ቢጨመቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ልጁ በብረታማ ነገር አልነካውም፣ ዳግም ቻርጅ አላደረገውም፤ ቀስ ብሎ አውጥቶ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠውና ከሕንፃው አርቆ አኖረው። እኔ የማየው የችፑዱን ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ 60 ጋሎን ቀለምና ቲነሩ ተደርድሯል። ከኤሌክትሪክ እንዲርቅ ብዬ በገዛ እጄ ያስደረደርኩት።

አዲስ ባትሪ ተገዛ። ቅንብሮቹን ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ፤ የለወጥኩት ግን እኔው ነኝ፣ እንዲገባኝ። ከሁሉ በፊት ቻርጁ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲቆም አደረግን። ብዙ ላፕቶፖች ይህ አላቸው፤ ስሙና ቦታው እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ከአምራቹ ፕሮግራም ወይም ባዮስ ከሚባለው፣ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ከሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር ይገኛል። ሙሉ ቀን ሶኬት ላይ የሚውል ሰው ይህን ካደረገ ከግማሽ በላይ የሆነውን ጥንቃቄ ጨርሷል ብዬ አምናለሁ። ለቆጠራ ሰሞን ብቻ ወደ 100 አነሣዋለሁ።

ቀጥሎ ከእንቅልፍና ከሃይበርኔት ልዩነት ጋር ተዋወቅሁ። ሁለቱም አንድ ይመስሉኝ ነበር። በእንቅልፍ ጊዜ የተከፈተው ሥራ የሚቆየው በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ያ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ባትሪው ካለቀ ሥራው ይጠፋል። በሃይበርኔት ግን ሥራው ወደ ዲስኩ ይገለበጥና ማሽኑ ይዘጋል፤ ሳምንት መብራት ባይኖርም ካቆምንበት እንቀጥላለን። በባትሪ ሲሠራ ክዳኑ ከተዘጋ ሃይበርኔት እንዲሆን፣ 25 በመቶ ላይ እንዲያስጠነቅቀኝ፣ 10 ላይ በራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ አደረግሁ። በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውንም መለስኩት። በፍላሽ ላይ በቀጥታ መሥራት አቆምኩ፤ ላፕቶፑ ላይ ሠርቼ በመጨረሻ እቀዳለሁ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ኃይል ከሚበሉት ዋነኛው እሱ ነው፣ ዓይኔም ዐርፏል። ቢሮውንም ቀየርን፤ ጠረጴዛዬ አሁን የመጋዘኑ በር አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት ነው። የአየር መውጫው በጨርቅ ወይም በወረቀት እንዳይታፈን ላፕቶፑ ከሥሩ የእንጨት መደብ አለው።

ከዚያም እንደ ማንኛውም ዕቃ ቢን ካርድ አወጣሁለት። ዓይነት፣ ላፕቶፕ ባትሪ። ብዛት፣ 1። በየሦስት ወሩ ሪፖርቱን አወጣና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሰብሳቢያችን መጀመሪያ ሲያዩት ለአንድ ባትሪ ካርድ ማውጣት አልታያቸውም ነበር። አሁን በሌሎቹ ሁለት መጋዘኖችም እንዲደረግ አዘዋል።

ባለፈው ሰኔ ሥራው መለዋወጫው ጋ ሲደርስ እንደገና መብራት ጠፋ። የጥበቃ ሠራተኛችን ፋኖስ አብርተው ሲመጡ እኔ ከመደርደሪያዎቹ መሐል ቆሜ እጽፍ ነበር፤ የግዥዋ ልጅ እየጠራች፣ የፋይናንሱ ባልደረባ ደግሞ በቅጹ ላይ እየመዘገበ። 62 በመቶ ይላል። ካርዱ ላይ መጨረሻ የጻፍኩት 46 ዋት ሰዓት ነበርና አመንኩት። ስንጨርስ 27 ላይ ነበርን። ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፣ ቅጾቹን ተፈራረምን፣ ክዳኑን ዘጋሁት። ከውጭ የሰርቪሱ ጥሩንባ ተሰማ። የፋይናንሱ ባልደረባችን ኮቱን አንሥቶ ሮጠ፤ ደረሰበት።