የአባቴ ሸክላ ማጫወቻ

ዛሬ ቅዳሜን ሙሉ ለገጣፎ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከአባቴ የወረስሁትን አውቶማቲክ ሸክላ ማጫወቻ ስፈታና ስገጥም ዋልሁ። ሸክላው ሲያልቅ መርፌውን የያዘው ክንድ በራሱ ተነሥቶ ወደ ማረፊያው መመለስ ሲገባው፣ መርፌው መጨረሻው መስመር ላይ እየተንቋቋ ይቀር ነበር። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ሳነሣ ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ፤ ክንዱን በሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ጥርሳም መዘውር (ጥርስ) ላይ የቆየው ግራሶ እንደ ሰም ደርቆ፣ ጥፍር የምታህለውን ምላስ አጣብቆ ይዟታል። ክንዱ ወደ መሐል ሲቃረብ ይህን ጥርስ ከሳህኑ እምብርት ጋር የምታገናኘው እርሷ ስለሆነች፣ በነፃነት ካልተወዛወዘች ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ ክንዱ አይነሣም። በአልኮልና በጥጥ በጥንቃቄ አጸዳኋት። ጥርሱን አዲስ ግራሶ ስቀባው እርሷን ግን አልነካኋትም፤ ደረቅ ሆና ነው መሥራት ያለባት። የረገበውንም ቺንጋ ቀየርሁ።

አመሻሽ ላይ፣ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምኃ ሪከርድስ ካሳተማቸው በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ሸክላዎች አንዱን አስቀመጥሁ። ዘፈኑ ሲያበቃ ክንዱ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ማረፊያው ላይ ያለ ድምፅ ተኛ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ገልብጠውና ሌላውን ገጽ አሰማኝ» አለችኝ።