በሣር የተከደኑት ቤቶች በመብራት ሲታዩ፦ የሺራካዋጎ ማስታወሻ

ትናንት ማታ በሺራካዋጎ ያየሁትን፣ ዝርዝሩ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ሺራካዋጎ በመካከለኛው ጃፓን፣ በጊፉ ግዛት ሰሜናዊ ተራሮች መካከል፣ የሾ ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ አካባቢ ነው። ኦጊማቺ የተባለችው ዋነኛ መንደሩ፣ በአጎራባቹ ጎካያማ ከሚገኙ ሁለት መንደሮች ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። መንደሯን ለዚህ ያበቋት በሣር የተከደኑት ታላላቅ ቤቶቿ ናቸው። ጣሪያቸው እስከ 60 ዲግሪ ያዘነበለና ከሩቅ ሲታይ ለጸሎት የተጋጠሙ ሁለት መዳፎችን የሚመስል ስለሆነ፣ አሠራሩን ጃፓኖች ጋሾዙኩሪ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ፣ በረዶው በሚበረታበት በጥር ወር ገደማ፣ በተመረጡ ጥቂት ምሽቶች እነዚህ ቤቶች መብራት ይበራላቸዋል።

ከናጎያ የተነሣው አውቶቡስ ወደ ተራራው እየወጣ ሲሄድ መንገዱ ከዋሻ ወደ ዋሻ ያሸጋግራል። ከመንደሯ አጠገብ የሚያወጣው የሂዳ ዋሻ 10.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ይህን የማነሣው ስለ መንገዱ ለማውራት ብዬ አይደለም። መንደሯ የጥንት ቤቶቿን ይዛ ልትቆይ ከቻለችባቸው ምክንያቶች አንዱ በተራራና በበረዶ ታጥራ መኖሯ ነበር፤ ዛሬ ግን ከትልቅ ከተማ የተነሣ ማንኛውም ሰው በሦስት ሰዓት ገደማ ጉዞ ይደርስባታል። ቀድሞ ተፈጥሮ ሲጠብቃት የኖረችውን መንደር አሁን ሰው ራሱ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ገና ሳይመሽ ስለደረስን፣ በመጀመሪያ ለጎብኚ ክፍት ወደሆነው የዋዳ ቤተሰብ ቤት ገባሁ። ቤቱ 300 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ከወለሉ መካከል ኢሮሪ የሚባለው አራት ማዕዘን ምድጃ አለ፤ ጭስ ማውጫ ስለሌለው ጭሱ በየፎቁ ወለል ክፍተት እያለፈ እስከ ጣሪያው ድረስ ይወጣል። ወራጁና ማገሩ ከዘመናት ጭስ የተነሣ ጠቁረው ያብረቀርቃሉ። ጭሱ ሣሩንና ገመዱን ከነቀዝና ከእርጥበት ስለሚጠብቅ እሳቱ ለሙቀት ብቻ የሚነድ አይደለም፤ በሣር ጎጆ ያደገ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ሰገነቱ ላይ ስወጣ ከሁሉ በላይ የገረመኝ የጣሪያው አሠራር ነው። የታችኛውን ክፍል የሚሠሩት ሙያተኛ አናጢዎች ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግዙፍ የጣሪያ አካል ግን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው የሚያቆሙት። በጣሪያው አጥንት ላይ አንድም ሚስማር አይመታም፤ ወፋፍራሞቹ ግንዶች የሚታሰሩት በገለባ ገመድና ኔሶ በሚባል፣ በእርጥብነቱ ተጠምዝዞ ሲደርቅ በሚጠብቅ ቀጭን የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። የግንዶቹም ግርጌ እንደ እርሳስ ተቀርጾ በአግዳሚው ጉድጓድ ላይ ስለሚያርፍ፣ ነፋስና የበረዶ ክብደት ሲመጣ ጣሪያው ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። እንዲህ ያለው ሰፊ ሰገነት ዱሮ የሐር ትል የሚረባበት ቦታ ነበር። ከወለሉ ሥር ደግሞ አፈርን ከሣርና ከሐር ትል ኩስ ጋር እየደባለቁ ለዓመታት በማቆየት የባሩድ ቅመም ያወጡ ነበር። ለእርሻ የሚሆን ሜዳ በሌለበት ሸለቆ ሰዎቹ ቤታቸውን ራሱን እርሻም ፋብሪካም አድርገውት ኖረዋል።

ሣሩ ለዘላለም አይቆይም፤ ከ30 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። አንድ ቤተሰብ ይህን ብቻውን ሊወጣው ስለማይችል፣ ዩኢ በሚሉት ሥርዓት መንደሩ በሙሉ ይወጣል። የእኛን አገር ወንፈል ለሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ትሠራለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ እሠራለሁ። ማን ስንት ሰው እንደላከ፣ ማን ስንት ገመድ እንዳዋጣ በመዝገብ ይጻፍ ስለነበር፣ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ባለ አምስት ፎቁ የናጋሴ ቤት ጣሪያ ሲታደስ 500 ያህል ሰዎች ተሰልፈውበታል። ወንዱ ጣሪያው ላይ ሣር ሲዘረጋ፣ ሴቶቹ ምግብ ሲያቀርቡ፣ ልጆች ከታች ሣር ሲያቀብሉ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ያየሁት የእነዚያን ሰዎች እጅ እያሰብኩ ነበር።

መብራቱ የሚበራው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30 ሲሆን የሚጠፋው ከምሽቱ 1፡30 ነው። ለተራራው መመልከቻ ቀደም ብዬ ቦታ ይዤ ስለነበር በዚያ ሰዓት ከፍ ብዬ ቆሜአለሁ። ባለ ቀለም አምፖል የለም፤ በየቦታው የቆሙት ትልልቅ መብራቶች በበረዶ የተሸፈኑትን ጣሪያዎች ከጎን ሲመቷቸው፣ የሣሩ ክምር ውፍረትና የበረዶው ሽፋን እየተለዩ ይወጣሉ፤ ከበስተ ጀርባ ያለው ተራራ ደግሞ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ሲታይ የቤቶቹ ሦስት ማዕዘን ፊት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነው። ይህ ለውበት ተብሎ አልተደረገም፤ የጣሪያዎቹ ጀርባ ከሰሜን ወደ ደቡብ በመዘርጋቱ፣ በሸለቆው የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የሚያገኘው ጠባቡን ጎን ነው፤ ፀሐይም ሁለቱንም የጣሪያ ገጾች በየተራ ስለምታገኛቸው በረዶው በእኩል ይቀልጣል፣ ሣሩም ይደርቃል። በሦስት ማዕዘኑ ላይ ያሉት በወረቀት የተሸፈኑ መስኮቶች ከውስጥ በርተው ሲታዩ ብዙ ሰው በአድናቆት ድምፅ አሰማ። እኔ ደግሞ እነዚያ መስኮቶች የተከፈቱት ለሐር ትሎቹ ብርሃንና አየር ለማስገባት መሆኑን ከሰዓታት በፊት ተረድቼ ስለነበር፣ አሁን ብርሃን ሲያወጡ ማየት በጣም ነካኝ።

ከተራራው ወርጄ በመንገዶቹ ስዘዋወር በአንዳንዶቹ ቤቶች ውስጥ ሰዎች እራት ይበሉ ነበር። አንዲት እናት ከደጃፋቸው በረዶ ይዝቁ ነበር፤ በአጠገባቸው ደግሞ ጎብኚው ፎቶግራፍ ያነሣል። ኦጊማቺ ሙዚየም አይደለችም፤ 500 ገደማ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለእነዚህ ምሽቶች ያለ ቅድሚያ ምዝገባ መግባት የተከለከለው፣ ሕዝቡ ከሸለቆዋ አቅም በላይ እየሆነ፣ መንገዱ እየተዘጋና ነዋሪው መውጫ መግቢያ እያጣ ስለመጣ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ያዝናል፤ ቦታ ያላገኙ ወዳጆቼም አዝነዋል። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። መንደሩ ራሱን መጠበቅ ትናንት አልጀመረም። በወንዙ የላይኛው ክፍል የሚቦሮ ግድብ ሲሠራ በርካታ ቤቶች ከውኃ በታች ቀሩ፤ ሌሎችም እየተሸጡ ወደ ከተማ ተወሰዱ። ይህን ያዩት የኦጊማቺ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ተሰብስበው ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ቃል ተገባቡ። ያ ቃል ባይኖር ኖሮ ዛሬ መብራት የሚበራበት ጣሪያ አይኖርም ነበር።

የሁሉም ትልቁ ስጋት እሳት ነው። ከተፈቀዱት ቦታዎች ውጭ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው፤ በየቤቱ አቅራቢያም ትንሽ ጎጆ በምትመስል ሽፋን ሥር የተደበቁ የውኃ መርጫዎች አሉ። በየዓመቱ በመከር ሁሉም ባንድ ጊዜ ተከፍተው ይሞከራሉ። ለመኪና ማቆሚያ የሚከፈለውም ገንዘብ ቤቶቹን ለሚንከባከበው ድርጅት ይውላል፤ ሂሳቡን በደስታ ከፈልን የሚሉ ሹፌሮች ብዙ ቢሆኑ እመኛለሁ።

ትኩስ ሾርባ በጠጣሁባት ትንሽ ምግብ ቤት ያስተናገዱን አዛውንት፣ በመጪው ጸደይ የዘመዳቸው ቤት ጣሪያ አንድ ወገኑ እንደሚቀየር ነገሩኝ። ሥራው በረዶው ቀልጦ፣ ጣሪያው ከደረቀ በኋላ የሚጀመር ነው። ሣር በማቀበል እንኳ ላግዝ እችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱኝና፣ ሣሩ እጅ ስለሚቆርጥ ወፍራም ጓንት፣ አቧራው ስለሚበዛም የአፍ መሸፈኛ ይዤ እንድመጣ፣ ቀኑ ሲቆረጥም ወደ ምግብ ቤቱ ደውዬ እንዳረጋግጥ ነገሩኝ። ስልክ ቁጥሩን በደብተሬ ጽፌአለሁ፤ ጓንቱን በዚህ ሳምንት እገዛለሁ።