ጡረታ ለማን ነው የሚመቸው?

አዳማ ጡረተኛ ብዙ ነው፣ ከወንጂ ስኳር የወጣ አለ፣ ከድሮው ባቡር የወጣ አለ፣ አስተማሪ፣ ወታደር፣ የቢሮ ኃላፊ የነበረ ምናምን። ብዙ ሰው ትልቅ ወንበር ላይ የነበረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ይሰበራል ብሎ ነው የሚያስበው፣ መኪናው ይቀራል፣ ስልኩ መጮህ ያቆማል፣ ሰላምታውም ይቀንሳል።

እንግሊዝ ሀገር ከ1985 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለንደን ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ የመንግስት ሰራተኞችን የተከታተለ ዋይትሆል የሚባል ጥናት አለ፣ እዛ ላይ የታየው ግን ሌላ ነው፣ በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው የአእምሮ ጤናቸው የተሻለው ደረጃቸው ከፍ ያለው ናቸው፣ ዝቅ ያሉት ላይ ያ ለውጥ አልታየም።

እኔ አልገረመኝም። እኛ ጋ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝ ነው፣ 10 ዓመት ላገለገለ 30 ፐርሰንት፣ ከዛ እየጨመረ ጣሪያው 70 ፐርሰንት። ደሞዙ ድሮም ትንሽ ለነበረ ሰው 70 ፐርሰንቱ ምን ያደርግለታል? ጥበቃ ሆኖ የኖረው ሰውዬ መሸኛ ተደርጎለት ብዙም ሳይቆይ ሌላ ግቢ ጥበቃ ይገባል። እሱን ጡረታ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ በጣም ይከብዳል፣ መች አረፈና!

የሚበሉት ያላቸው መሀል ግን ልዩነቱን የሚያመጣው ወንበሩ አይመስለኝም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፣ እኔ ሲቆጫቸው ያየኋቸው ግን በስልጣናቸው ጊዜ ለቅሶ ራሳቸው ሳይደርሱ በሾፌር ብር ይልኩ የነበሩትን ነው፣ አሁን ሰፈር ውስጥ ማንም አያውቃቸውም፣ እድር ውስጥ ስማቸው እንጂ መልካቸው የለም። ጎረቤታችን ደግሞ መካኒክ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ እስካሁን የጋራዥ ልጆች "ጋሼ እስቲ ይቺን ድምፅ ይስሟት" ብለው መኪና በር ላይ ያቆሙላቸዋል፣ እሳቸውም ኮፈኑን አስከፍተው ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ሲያዳምጡ ፊታቸው ይበራል። ብር አይቀበሉም።

አባቴ በሚቀጥለው ዓመት 60 ይሞላዋል፣ እሱ ቢሮ ውስጥ ኃላፊ ነው፣ ሂሳብ ደግሞ የሚችል ሰው ነው። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሊለቅ ስለሆነ ከአሁኑ ግባበት እያልኩት ነው፣ እሱ ግን "መጀመሪያ ጡረታ ልውጣ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ሳይወጣ እንዲጀምር ነው የምፈልገው፣ እናቴም ከኔ ጋር ናት፣ እሁድ ስብሰባ አለ፣ ይዘነው እንሄዳለን።